ለኦንላይን የፋንታሲ ሮልፕሌይ የፍልሚያ ሕግ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ሰይፍ እስኪመዘዝ ድረስ የጽሑፍ ሮልፕሌይ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ታሪክ በጋራ የሚጻፍበት ጨዋታ፣ ብዙ ሕግ አይፈልግም። ገጸ ባሕርያቱ ሲጓዙ፣ ሲዋደዱ፣ ሲያሴሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይቀጥላል፤ ታሪኩም ይፈሳል። ፍልሚያ ሲመጣ ግን ሁለት ሰዎች ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ይዘው ይቀርባሉ፦ መታው ወይስ ሳተው?

እኔ ያስተዳደርኩት የመጀመሪያ ቡድን የፈረሰው በዚህ ጥያቄ ነው። ስለ ዓለሙ ብዙ ጽፌ ነበር፤ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ፣ የሁለቱን ጨረቃዎች ስም፣ ዘንዶዎቹ ለምን እንደተሰደዱ ሳይቀር። ስለ ፍልሚያ የጻፍኩት ግን «ሁሉም በቅንነት ይጫወት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንዷ ተጫዋች የእሳት ጦር ወረወረች። ባላጋራዋ ጋሻው እሳቱን እንደዋጠው ጻፈ። እሷ ጦሩ ጋሻ እንደሚበሳ ጻፈች፤ እሱ ደግሞ ጋሻው በአማልክት የተባረከ ነው አለ። በዚያች አንዲት ጦር ላይ ሦስት ሳምንት ቆየን። ሁለቱም ጎበዝ ጸሐፊዎች፣ ሁለቱም ቅን ሰዎች ነበሩ። የጎደለው ውጤቱን የመወሰን መብት የማን እንደሆነ የሚናገር ሕግ ነበር፤ እሱን መጻፍ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ሁለቱም ወጡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ቀጥሎ 40 ገጽ ሕግ ጻፍኩ፤ ማንም አንብቦ አልጨረሰውም። አሁን የምጠቀምበት አንድ ገጽ ብቻ ነው።

1. ውጤቱን ማን እንደሚወስን ምረጡ

ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ስምምነት፣ ዳይስ (በየገጹ ቁጥር ያለበት የሚጣል መጫወቻ) እና ዳኛ። ሐሳቡ ጥንት የነበረ ነው። የፕሩሺያው መኮንን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ያሳተመው የጦርነት ጨዋታ ዳይስንም ዳኛንም ይጠቀም ነበር። በ1974 የወጣው የጠረጴዛ ሮልፕሌይ ጨዋታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስም ሁለቱን አጣምሮ ወደ ፋንታሲው ዓለም አመጣቸው። ለረጅም ጊዜ አብረው ለጻፉ ሰዎች ስምምነት ይበቃል። ለማይተዋወቁ ግን ዳይስ እመክራለሁ፤ ዕድል ሲፈርድ ሰው ሰውን አይቀየምም። ዳኛን ለክርክር ብቻ አስቀምጡት። የራሱ ገጸ ባሕርይ ባለበት ፍልሚያ ደግሞ አይፍረድ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም።

2. ሙከራን ከውጤት ለዩ

አብዛኛው ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት እንኳ ይህን አትዝለሉ። ሕጉ አጭር ነው፦ የሚያጠቃው ሙከራውን ይጽፋል፣ የሚጠቃው ውጤቱን ይጽፋል። ሁሉም ሲሰማው እሺ ይላል፤ መጻፍ ሲጀምር ግን እጁ ያመልጠዋል።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ መፈተሻ አለው። «አንገቱን ቀላው» ብሎ የጻፈ ሰው ፍልሚያውን ጨርሶታል፤ ለባላጋራው የሚጽፈው ነገር አልተወለትም። «አንገቱን ሊቀላው ሰይፉን ከግራ ወደ ቀኝ አወናጨፈ» ያለው ግን በሩን ክፍት ትቷል። ልዩነቱ ያለው «ሊ» ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ተጫዋች ሲመጣ የምነግረው ይህንን ነው፦ ከመላክህ በፊት ግሦችህን ተመልከት። በሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ አካል ላይ ያረፈ ያለቀለት ግሥ ካለ፣ ማለትም ወጋው፣ ጣለው፣ ሰበረው ዓይነት፣ ወደ «ሊወጋው»፣ «ሊጥለው»፣ «ሊሰብረው» መልሰው። «አየው»፣ «ጠራው»፣ «ተከተለው» ችግር የለባቸውም፤ የባላጋራውን ሁኔታ አይለውጡም።

ከዚህ የረቀቁ ሁለት መንገዶች አሉ፤ እነሱን ለመለየት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንደኛው ውጤቱን በገለጻ ውስጥ መደበቅ ነው። «ማንም ሊያመልጠው የማይችል ፍላጻ ለቀቀ» የሚለው ሙከራ ይመስላል፤ ግን ፍላጻው ገና ሳይደርስ መትቷል። ሁለተኛው የሌላውን ስሜት መጻፍ ነው፦ «ባላጋራው ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ»። መደንገጥ አለመደንገጡን የሚያውቀው የዚያ ገጸ ባሕርይ ባለቤት ብቻ ነው። ሁለቱንም በሕጉ ውስጥ ከነምሳሌያቸው አስፍሯቸው፤ ያለ ምሳሌ ማንም ራሱ ላይ አያያቸውም።

የተከላካዩን ነገር ደግሞ ብዙ ቡድን ይረሳዋል። ውጤቱን የሚጽፈው ተጠቂው ከሆነ ሁልጊዜ ማምለጥ ይችላል፤ አሥር ጊዜ ተሰንዝሮበት አሥር ጊዜ የሚያጎነብስ ሰው አጋጥሞኛል። አንዳንዶች «ከሦስት ምት አንዱን ተቀበል» የሚል ሕግ ያወጣሉ። እኔ አልወደውም፤ ተጫዋቾች ታሪኩን ትተው መቁጠር ይጀምራሉ። የሚሻለው ማምለጥን ዋጋ ማስከፈል ነው። ያጎነበሰ ሚዛኑን ያጣል፣ ወደ ኋላ የዘለለ ቦታ ይለቃል፣ በጋሻው የመከተ ክንዱ ይዝላል። ዋጋውን ራሱ ይጽፈዋል፤ ቀጣዩ አጥቂም በዚያ ላይ ይገነባል። ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ወደ ኋላ የሚዘልበት ቦታ ሲያጣ፣ ማንም ሳያስገድደው «መታኝ» ብሎ ይጽፋል።

አንድ ጽሑፍ አንድ ጥቃትና አንድ እንቅስቃሴ ይያዝ። ጊዜውን አሳጥሩት፤ በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የአሁኖቹ እትሞች አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ ነው፤ ለጽሑፍም ይበቃል። በስድስት ሰከንድ ውስጥ ሰይፍ ሰንዝሮ፣ ፈረስ ላይ ወጥቶ፣ ረጅም ንግግር ያደረገ ሰው ካለ ጽሑፉን እንዲያሳጥር በትሕትና ጠይቁት።

3. የዳይሱን ስሌት ከመጻፋችሁ በፊት ሥሩት

በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ተዉትና ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ተጠቀሙ። በባለ 20ው እያንዳንዱ ቁጥር እኩል 5 በመቶ ዕድል አለው፤ ስለዚህ ታላቁ ጀግና እንደ ጀማሪ ደጋግሞ ሊስት ይችላል። ሁለት ዳይስ ሲደመር ግን 36 ጥምረት አለ፤ 7 በስድስቱ ይወጣል፣ 2 እና 12 እያንዳንዳቸው በአንድ ብቻ። ውጤቱ መሐል ላይ ስለሚሰበሰብ ያልተጠበቀው ነገር ብርቅ ይሆናል፤ ሲመጣም ለታሪክ ይበቃል።

እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሙከራው ከሸፈ፤ ከ36 ዕድል 15ቱ ነው። ከ7 እስከ 9 ተሳካ ግን አጥቂውም አንድ ነገር ያጣል፤ ይህም 15 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያለ ኪሳራ ተሳካ፤ 6 ብቻ። ውጤቱ በዳይስ ቢታወቅም አቀራረቡን የሚጽፈው አሁንም ተጠቂው ነው።

በዳይሱ ድምር ላይ በሚታከል ጭማሪ ነጥብ ተጠንቀቁ። አንድ ነጥብ ሲጨመር የመክሸፍ ዕድሉ ከ15 ወደ 10 ይወርዳል፣ በሁለት ወደ 6፣ በሦስት ወደ 3። በአንድ ወቅት የጦር መሣሪያ፣ የዘርና የአስማት ጭማሪ እንዲደመር ፈቅጄ ነበር። አንዱ ተጫዋች 4 ላይ ደረሰና የሚስተው ከ36 አንዴ ብቻ ሆነ። ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ሕጉ የፈቀደለትን ነው ያደረገው። ሌሎቹ ግን ከእሱ ጋር መጫወት አቆሙ። አሁን ከ2 በላይ ጭማሪ አይፈቀድም።

ዳይሱን በሁሉም ፊት ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ይጣለው። ዲስኮርድ በሚባለው የመወያያ መተግበሪያ ላይ ለዚህ የሚሆኑ ነጻ ቦቶች አሉ። ቤቱ ጥሎ ቁጥሩን የሚነግረን ሰው ይዋሻል ብዬ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ 12 ቢያወጣ ማንም እንዳይጠረጥረው ነው።

4. ኃይልና አስማት

ለእያንዳንዱ ችሎታ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ምን ያደርጋል፣ ምን ያስከፍላል፣ ምን ያከሽፈዋል። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ችሎታው አይጸድቅም። ያ የተባረከ ጋሻ «ውሃ ከነካው ለአንድ ዙር ይፈዛል» የሚል አንድ መስመር ቢኖረው ኖሮ ቡድኔ ባልፈረሰ ነበር። ለሁሉም ገጸ ባሕርይ ስድስት የአቅም ነጥብ ስጡ፤ ቀላል አስማት አንድ፣ ከባድ ሦስት ይውሰድ። የዘንዶ ጋላቢም የገበሬ ልጅም በስድስት ይጀምሩ።

5. የፍልሚያው ቦታ

ብዙዎች ሰማዩንና የነፋሱን ድምፅ ይገልጻሉ፤ ተፋላሚው የሚፈልገው ርቀት፣ ብርሃንና መውጫ ነው። ርቀትን በሜትር አትለኩ፤ ክርክር ያመጣል። እጅ የሚደርስበት፣ የድንጋይ ውርወራ፣ የቀስት ውርወራ የሚሉት ሦስቱ ይበቃሉ፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ አንድ ተራ ይፈጃል። በዚያ ላይ በየዙሩ የሚለወጥ አንድ ነገር ጨምሩ። የሚቃጠል የገመድ ድልድይ በጣም እወዳለሁ፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ገመድ ይበጠሳል፣ አራተኛው ሲበጠስ ድልድዩ ይወድቃል። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ተጫዋች እንኳ ለመወሰን ይገደዳል።

6. ሞት፣ ማቆሚያ ቃልና የጊዜ ገደብ

ገጸ ባሕርይ የሚሞተው ባለቤቱ ከፍልሚያው በፊት ከፈቀደ ብቻ ነው። ካልፈቀደ ሽንፈቱ ምርኮ፣ ቁስል ወይም ስደት ይሁን። ከጨዋታው ውጪ የሆነ አንድ ማቆሚያ ቃል ምረጡ፤ ማንም ሲጽፈው ትዕይንቱ ይቆማል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ለአንድ ተራ 48 ሰዓት ስጡ፤ ካለፈ ተራው ወደ ቀጣዩ ይዛወራል፣ የቀረውም ገጸ ባሕርይ እንደሚከላከል ይቆጠራል።

7. ሞክሩት

ሕጉን ለሁሉም ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ሰዎች ለአንድ ሰዓት ይፋለሙበት። አንዱ ጨዋታ የማያውቅ ይሁን፤ ሌላው ደግሞ ቀዳዳ መፈለግ የሚወድ። እናንተ አትግቡ፣ አታስረዱም። «ይሄ እንዴት ነው?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ጥያቄውን መዝግቡት። ሁለት ጊዜ የተጠየቀውን መስመር በዚያው ቀን እንደገና ጻፉት፤ ማንም ያልተጠቀመበትን መስመር ደግሞ ሰርዙት።