በአካባቢ ምርጫና በአነስተኛ ፓርቲዎች ተሳትፎ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ምርጫ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የመጀመሪያው ስህተትም ከዚያ ይጀምራል። መታወቂያ የሚሰጠው፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚጽፈው፣ የቦታ አቤቱታን መጀመሪያ የሚሰማው ቀበሌ ወይም ወረዳ ሆኖ ሳለ፣ ለእነዚህ እርከኖች የሚደረገውን ምርጫ ከቁም ነገር የማይቆጥር ዜጋ ብዙ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዘዘው ግን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍበት ነው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ቀጥሎ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ሲራዘም፣ በምኖርበት ሰፈር ጉዳዩን አንስቶ የተከራከረ ሰው አልገጠመኝም፤ እኔም ራሴ አላነሳሁትም።

ምዝገባን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት ሁለተኛው ስህተት ነው። የመራጭነት ካርድ ያልያዘ ሰው በድምፅ መስጫው ዕለት ምንም ቢከራከር አይጠቅመውም። በቅርቡ ሰፈር የቀየረ ሰው ደግሞ በምርጫ ክልሉ የቆየበት ጊዜ ስለሚታይ ቀደም ብሎ ማጣራት ይኖርበታል።

አነስተኛ ፓርቲዎችን ይበልጥ የሚጎዳው ሦስተኛው ስህተት፣ ፊርማ ማሰባሰብን አባል ከማፍራት ጋር ማምታታት ነው። ቀድሞ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 1,500፣ ክልላዊ ለመመሥረት 750 መሥራች አባላት ይበቁ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ቁጥሩን ወደ 10,000 እና 4,000 ከፍ አደረገው። ይህን ለማሟላት ሲባል ከየቦታው የተለቀመ ፊርማ ወረቀቱን ይሞላል እንጂ ስብሰባ አይመጣም፣ መዋጮ አይከፍልም፣ ዕጩም አይሆንም። በ2000 ዓ.ም. ከተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በፊት የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ተደርጎ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ስሌቱ ግልጽ ነው፤ 10,000 መሥራቾች ያሉት ፓርቲ አንድም ሳይቀር ሁሉንም ዕጩ ቢያደርግ እንኳ የሚሞላው 33 ቀበሌዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት አነስተኛ ፓርቲ አባላቱ በእርግጥ የሚኖሩባቸውን፣ ዕድሩና የወጣቱ ማኅበር የሚያውቃቸውን ጥቂት ቀበሌዎች መርጦ በእነርሱ ላይ ማተኮር ይሻለዋል። ለአገር አቀፍ ፓርቲ ይህ እንደ ውርደት የሚቆጠርበት ልማድ አለ፤ ሆኖም ዋና ከተማ ላይ መግለጫ እየሰጡ አንድም የቀበሌ ወንበር አለመያዝ ከዚህ የተሻለ ክብር አይደለም።

ድምፅ መከፋፈልም በዚሁ ላይ ይጨመራል። አንድ ሰው ብቻ በሚመረጥበት የምርጫ ክልል አሸናፊው ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። 10,000 ሰው ድምፅ ሰጥቶ አንዱ 4,000፣ ሁለት የሚቀራረብ ሐሳብ ያላቸው ፓርቲዎች ደግሞ 3,000፣ 3,000 ቢያገኙ፣ ወንበሩ የባለ 4,000ው ነው። ሕጉ ግንባርንም ቅንጅትንም ስለሚፈቅድ፣ መሪዎቹ ማን ሊቀመንበር ይሁን በሚለው ላይ ከመጣላት ይልቅ የትኛው የምርጫ ክልል ላይ ማን ይወዳደር የሚለውን አስቀድመው ቢስማሙ ይበጃቸዋል።

ሌላው ስህተት በምርጫው ዕለት የሚፈጸም ነው። ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ሆኖ ውጤቱም በጣቢያው የሚለጠፍ በመሆኑ፣ ወኪል የሌለው ፓርቲ በኋላ የሚያሰማው ቅሬታ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ወኪል ያስቀመጡትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት አቤቱታ በቃል ነው። ቅሬታው በጽሑፍ፣ ከነሰዓቱና ከነምስክሮቹ፣ መጀመሪያ በጣቢያው ለሚገኘው ቅሬታ ሰሚ ካልቀረበ ወደ ምርጫ ቦርድም ሆነ ወደ ፍርድ ቤት ይዞ የሚሄድ ነገር አይኖርም።

ከውድድር መውጣትን ብቸኛ መሣሪያ ማድረግም ዋጋው ከባድ ነው። በ2005 ዓ.ም. 33 ፓርቲዎች ጥያቄያችን ሳይመለስ አንገባም ብለው ቀሩ፤ ጥያቄያቸው መሠረት ያለው ቢሆንም የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶቹ ለገዢው ፓርቲ ተለቀቁ። ከዚያ በፊት በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት (ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ የተባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ) በአዲስ አበባ ከ138 የምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸንፎ ከተማዋን ሳይረከብ መቅረቱ ይታወቃል። መሪዎቹ በዚያው ዓመት ማግስት ስለታሰሩ ጥፋቱን ሁሉ በእነርሱ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። የከተማው ነዋሪ ግን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ባልመረጠው የባለአደራ አስተዳደር ሥር ቆይቷል።

በመጨረሻም ከድምፅ መስጫው ማግስት ጉዳዩን መርሳት አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል። ይህን መብት ለመጠቀም የሚያስብ ሰፈር ግን መጀመሪያ ተመራጩ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ስብሰባ ምን ቃል እንደገባና በምክር ቤቱ ለየትኛው ውሳኔ እጁን እንዳወጣ የጻፈ አንድ ሰው ያስፈልገዋል፤ ደብተሩን የሚይዘው የአካባቢው አነስተኛ ፓርቲ አባል ቢሆን፣ ለቀጣዩ ምርጫ ቅስቀሳ የሚሆነውን ነገር ከዚያው ያገኘዋል።