«ዛት» ያለቦታው ሲገባ፦ በእንግሊዝኛ ቅጽሎች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶችና መፍትሄያቸው

አማርኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚጽፏቸውን ማመልከቻዎች፣ ሪፖርቶችና የድጋፍ ደብዳቤዎች ሳርም ነው የምውለው። ቅጽል (ስምን የሚገልጽ ቃል) እና ተውሳከ ግስ (ግስን የሚገልጽ ቃል) ምን እንደሆኑ፣ «ዛት» ጥገኛ (ብቻውን የማይቆም) ዓረፍተ ነገር አስከትሎ እንደሚመጣ አንባቢ ያውቃል ብዬ እነሳለሁ። ይህን ያልለየ ሰው አስቀድሞ የትምህርት ቤት መጽሐፉን ይግለጥ። እንግሊዝኛውን በእኛ ፊደል ስለምጽፈው፣ ባለ ሁለት «ኦ»ውን «ቱው»፣ ባለ አንድ «ኦ»ውን «ቱ» እያልኩ እለያለሁ።

ምልክት፦ ዓረፍተ ነገሩ «ዛት» ላይ ሲደርስ ይሰበራል

«አይ ዋዝ ቬሪ ታየርድ ዛት አይ ስሌፕት ዊዝአውት ዲነር።» ይህን ዓረፍተ ነገር፣ ቅጽሉ እየተለዋወጠ፣ ከጀማሪም ከማስተርስ ተመራቂም እጅ እቀበለዋለሁ። «ቬሪ»ን አንስቶ «ቱው»ን የሚያስገባም አለ። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ የፊደል ማረሚያው ግን ቃላቱ በትክክል ስለተጻፉ ቀይ መስመር አያሰምርባቸውም።

መንስኤው አማርኛው ነው፦ «በጣም ከመድከሜ የተነሳ እራት ሳልበላ ተኛሁ።» እዚህ ላይ ውጤቱን የሚያስከትለው «ከ… የተነሳ» ነው። «በጣም» ቢወጣም ዓረፍተ ነገሩ አይናጋም። በእንግሊዝኛ ግን ይህ ሥራ የተሰጠው ከቅጽሉ ፊት ለሚቆመው ቃል ነው፤ እሱም «ሶ» ነው። «ቬሪ» ቅጽሉን አጉልቶ ሥራውን ይጨርሳል፤ ከኋላው ውጤት አይጠብቅም። ጸሐፊው «በጣም»ን «ቬሪ»፣ «የተነሳ»ን «ዛት» ብሎ ሲያስቀምጥ የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይገናኛሉ። ለጥፋቱ ትልቅ ድርሻ ያላቸው በየመንገዱ የሚሸጡት ቀጫጭን የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ናቸው። ከ«በጣም» ፊት ለፊት «ቬሪ፣ ሶ፣ ቱው» ብለው በአንድ መስመር ደርድረው ያልፋሉ፤ የትኛው የት እንደሚገባ አንድ ምሳሌ እንኳ አይሰጡም።

መፍትሄው አንድ ቃል መቀየር ነው፦ «አይ ዋዝ ሶ ታየርድ ዛት አይ ስሌፕት ዊዝአውት ዲነር።»

ይህን የነገርኩት ሰው ወዲያው «ታዲያ ‹አይ አም ቬሪ ሃፒ ዛት ዩ ኬም› ለምን ትክክል ሆነ?» ብሎ ይይዘኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚያ ያለው «ዛት» የ«ቬሪ» ሳይሆን የቅጽሉ የራሱ ነው። «ሃፒ» የደስታውን ምክንያት በ«ዛት» መቀበል ይችላል። «ግላድ»፣ «ሹር»፣ «አፍሬድ»፣ «ፕራውድ»፣ «አዌር» እንደዚሁ ናቸው፤ ስሜትን ወይም እርግጠኝነትን የሚገልጹ ቅጽሎች በአብዛኛው ይህን ያደርጋሉ። «ታየርድ»፣ «ሆት»፣ «ቢግ»፣ «ኤክስፔንሲቭ» አያደርጉም።

ለመለየት አጉሊውን ቃል («ቬሪ»ን ወይም «ሶ»ን) አውጥታችሁ ቀሪውን አንብቡ። «አይ አም ሃፒ ዛት ዩ ኬም» ሙሉ ነው፤ «ዛት» የቅጽሉ ነውና ከፊቱ «ቬሪ» ቢገባ አይጎዳውም። «አይ ዋዝ ታየርድ ዛት አይ ስሌፕት» ግን ይፈርሳል፤ ስለዚህ «ሶ» የግድ ያስፈልጋል። በዚህ ፍተሻ ያላለፈ ደብዳቤ ከእኔ ጠረጴዛ አይወጣም።

«ሶ ሃፒ ዛት» ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ንባቦች ይቻላሉ። «አይ ዋዝ ሶ ሃፒ ዛት አይ ፓስድ» ቢባል በማለፌ ተደሰትኩ ማለት ነው፤ «አይ ዋዝ ሶ ሃፒ ዛት አይ ክራይድ» ቢባል ግን ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ ማለት ነው። አንደኛው ምክንያት፣ ሌላው ውጤት ነው። ለቢሮ ጽሑፍ የምመክረው፣ ምክንያት ከሆነ «ቬሪ»ን፣ ውጤት ከሆነ «ሶ»ን መጠቀም ነው፤ አንባቢ መገመት የለበትም።

ከቅጽሉ ቀጥሎ ስም ካለ «ሶ» ቦታውን ለ«ሳች» ይለቃል፦ «ኢት ዋዝ ሳች ኤ ሎንግ ሚቲንግ ዛት ዊ ሚስድ ዘ ባስ።» «ሶ ኤ ሎንግ ሚቲንግ» አይባልም። «ሜኒ» እና «መች» ሲሆኑ ግን ስም ቢከተልም «ሶ» ይቀጥላል፦ «ሶ ሜኒ ፒፕል ዛት»።

ምልክት፦ ማመስገን ተፈልጎ ነቀፋ ይወጣል

ይህ የ«ቱው» ጣጣ ነው፤ ከሁሉም በላይ ትዕግሥቴን የሚፈትነው እሱ ነው። ብዙ ሰው «ቬሪ» ማለት በጣም፣ «ቱው» ማለት ደግሞ በጣም በጣም ይመስለዋል። አይደለም። «ቱው» ከልክ ማለፍን ነው የሚናገረው። አንድ ሥራ ፈላጊ «አይ አም ቱው ኳሊፋይድ ፎር ዚስ ጆብ» ብሎ ጽፎ መጣ። ብቃት አለኝ ማለቱ ነበር፤ ቀጣሪው የሚያነበው ግን «ሥራው ለእኔ ያንሰኛል» የሚል ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ደግሞ በማስታወቂያው ላይ ክፍሎቹን «ቱው ኳየት» ብሏቸው ነበር፤ ጸጥታቸው ሰው የሚያስጨንቅ ክፍሎች ማለት ነው። አስተካክዬ «ቬሪ» አደረግኩት። ማተሚያ ቤት ያለው ጸሐፊ «‹ቱው› ይበልጣል» ብሎ የቀድሞውን መለሰው፤ ታትሞም ተሰቀለ። እርማት ከተደረገ በኋላ ማንም እንዳይነካው ማስጠንቀቅ ከእርማቱ እኩል ሥራ ሆኖብኛል።

«ቱው» የሚስማማው ከ«ዛት» ጋር ሳይሆን ከ«ቱ» ጋር ነው፤ አሉታውንም በውስጡ ይዟል። «ሂ ኢዝ ቱው ሲክ ቱ ትራቭል» ማለት ሕመሙ ስለጠናበት መጓዝ አይችልም ማለት ነው። «ኖት» የሚል ቃል የትም የለም፤ ማስገባትም አያስፈልግም። አንድ የሕመም ማስረጃ ላይ «ቱው ሲክ ኖት ቱ ትራቭል» ተብሎ አይቻለሁ። ይህ ተገልብጦ «ሳይጓዝ መቅረት እስከማይችል ድረስ ታሟል» ይላል። ቀጠሮ ለማራዘም የተጻፈ ወረቀት ሰውየው የግድ ይጓዝ ብሎ መሰከረ ማለት ነው! በሕክምናና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ «ቱው» ባያችሁ ቁጥር ቆም ብላችሁ ደግማችሁ አንብቡ። («ኦንሊ ቱው ሃፒ ቱ ሄልፕ» የሚለው ግን እንዲሁ የተለመደ አነጋገር ነው፤ «በደስታ እረዳለሁ» ማለት ስለሆነ አትንኩት።)

ሌሎቹ ብልሽቶች

«አይ አም ሹር አባውት ዛት ሂ ዊል ከም» የሚለው «ስለ መምጣቱ» ከሚለው የተቀዳ ነው። ከ«ዛት» ፊት መስተዋድድ (እንደ «አባውት» ያለ ቃል) አይገባም፤ «አባውት»ን ሰርዙት። «ኢን ዛት» እና «ኤክሴፕት ዛት» ጥቂት ልዩ ጉዳዮች ናቸው።

«ኢት ኢዝ ክሊርሊ ዛት ሂ ሌፍት» ላይ የቅጽሉን ወንበር ተውሳከ ግስ ይዞታል። ወይ «ኢት ኢዝ ክሊር ዛት ሂ ሌፍት»፣ ወይ «ክሊርሊ፣ ሂ ሌፍት»። ሁለቱን አታዳቅሉ።

«አይ አም ዲፊከልት ቱ አንደርስታንድ ኢንግሊሽ» የተጻፈው «ይከብደኛል» በሚለው ውስጥ ያለውን «ኝ» ባለቤት አድርጎ በመውሰድ ነው። «አይ አም ዲፊከልት» ያለ ሰው አስቸጋሪ ሰው ነኝ ብሎ ፈርሟል። «ኢት ኢዝ ዲፊከልት ፎር ሚ ቱ…» ብላችሁ ጀምሩ። «ፖሲብል»ም ያው ነው። በነገራችን ላይ ያንን ባዶ «ኢት» የሚረሱም አሉ፤ አማርኛው «አስፈላጊ ነው» ብሎ ስለሚዘጋ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስላቸውም።

«ሂ ኢዝ ላይክሊ ዛት ሂ ዊል ከም» አይሆንም፤ ወይ «ኢት ኢዝ ላይክሊ ዛት ሂ ዊል ከም»፣ ወይ «ሂ ኢዝ ላይክሊ ቱ ከም»። «ሹር» ግን በሁለቱም መንገድ ከ«ሂ» ጋር ይሄዳል፤ ትርጉሙ ይለያያል እንጂ። «ሂ ኢዝ ሹር ዛት ሂ ዊል ዊን» ሲባል እርግጠኛው እሱ ነው፤ «ሂ ኢዝ ሹር ቱ ዊን» ሲባል እርግጠኛው ተናጋሪው ነው። በድጋፍ ደብዳቤ ላይ ይህን ማምታታት የምስክርነቱን ባለቤት ይለውጣል።

«ኢነፍ» ከቅጽሉ በኋላ ይመጣል፦ «ጉድ ኢነፍ»።

በመጨረሻም «ኢት ኢዝ ኢሴንሺያል ዛት ሂ ቢ ፕሬዘንት» የሚለውን «ቢ» ስህተት ነው ብለው ወደ «ኢዝ» የሚቀይሩ አራሚዎች አሉ። ተዉት። እንደ «ኢሴንሺያል»፣ «ኢምፖርታንት» እና «ቫይታል» ያሉ ግዴታን የሚገልጹ ቅጽሎች ከ«ዛት» በኋላ ግሱን ባዶውን (ወደ «ኢዝ» ሳይለወጥ፣ «ቢ» እንዳለ) ይፈልጉታል፤ በተለይ በአሜሪካኖች መደበኛ ጽሑፍ። እንግሊዞች «ሹድ ቢ» ማለትን ያዘወትራሉ፤ እሱም ትክክል ነው። በአንድ ሰነድ ውስጥ ግን አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ።