ሱሉልታ ላይ ኮንቲኒዩቲ ስትይዙ

የፊልም ኮንቲኒዩቲ፣ ማለትም በተለያየ ጊዜ የተቀረጹ ክፍሎች እርስ በርስ እንዲገጥሙ የመከታተል ሥራ፣ ልትይዙ ነው? መጀመሪያ ሰዎቹን እወቁ። ዳይሬክተሩ ትወናውን ያያል። ረዳቱ ሰዓቱን ይጠብቃል። ካሜራ፣ መብራት፣ ድምፅ፣ ሜካፕ፣ አልባሳት፣ ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለበት። የትናንቱ ከዛሬው ጋር መግጠሙን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ፊልም ብዙውን ጊዜ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ሱሉልታ ላይ ተዋናይቷ በር ከፍታ ስትወጣ ሰኞ ቀረጽን፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ደግሞ ሐሙስ። ሰኞ ነጠላዋ በግራ ትከሻዋ ነበር። ሐሙስ በቀኝ ሆነ፤ እኔ አላየሁም። ኤዲቲንግ ላይ ነጠላው ደፉ ላይ ትከሻ ቀየረ። በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ ቀረጻውን ለማቆም "ከት" እንደተባለ፣ ሰው ሳይነቃነቅ ፎቶ አንሱ። ከፊት፣ ከጎን፣ እጇን ለብቻ። ሲኒው ውስጥ ቡናው የት ድረስ ነበር? በየትኛው ቃል ላይ አነሳችው? ጻፉት። የትዕይንቱንና የቴኩን (የአንዱን ሙከራ ቀረጻ) ቁጥር ከክላፑ፣ ቁጥሮቹ ተጽፈውበት ካሜራ ፊት ከሚመታው ሰሌዳ፣ ጋር አመሳክሩ። ደመናውንም መዝግቡ፤ እዚያ ሰማዩ ቶሎ ይለዋወጣል።

ስህተት ካያችሁ ቀስ ብላችሁ ለዳይሬክተሩ ንገሩ። ተዋናይን ሰው ፊት አታርሙ፤ ስሜቱ ይሰበራል።

የሱሉልታ የማለዳ ብርድ አይጣል ነው። ጋቢና ትርፍ እስክሪብቶ ያዙ።