ያገለገለ ጊታር ስትገዙ መጀመሪያ ክሩን እዩ

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ጊታር ልትገዙ ከሆነ፣ ከቀለሙም ከስሙም በፊት ክሩን እዩ። ለናይለን ክር በተሠራ ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር ታስሮ ካገኛችሁ ተዉት። ስድስቱ የናይለን ክሮች ሲቃኙ በአንድነት 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ፤ የብረቶቹ ግን ከ70 ያልፋሉ። እኔ ድምፁ ጎላ ቢልልኝ ደስ ብሎኝ ገዛሁ፤ በሦስተኛው ወር ክሩ የሚታሰርበት እንጨት ከነሙጫው ተገንጥሎ ተነሣ። ደግሞ በሌሊት! ቤተሰቡ ሁሉ ደንግጦ ተነሣ።

የክላሲካሉ አንገት ሰፋ ያለ ነው፤ ራሱም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት። ከዚያ 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ከራሱ ሲቆጠር 12ኛው) ላይ ክሩ ከብረቱ ምን ያህል እንደራቀ ተመልከቱ፤ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ጣታችሁ ይሰቃያል። እዚያው ተጭናችሁ ስትመቱት የባዶውን ክር ድምፅ በአንድ ኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ) ከፍ አድርጎ ካልሰጠ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይቃኝላችሁም።

ጣና ዳር ወጥታችሁ ትዝታን ስትለማመዱ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይበቃችኋል) ጊታሩን ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ሙጫው ይላላል።