ለአሮጌ የዒላማ ስድስት ጎራሽ ልክ የሚሆን እጀታ እንዴት ይገኛል?

የእጀታ እንጨት የሚገጥመው ለሽጉጡ ስም ሳይሆን ለብረቱ ቅርጽ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ስለሚዘነጋ ነው። ባለቤቱ «ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው» ብሎ የአሜሪካውን ፋብሪካ ስም ብቻ ይዞ ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ይደውላል፤ ዘመድም ያገኘውን ገዝቶ ይልካል፤ ጎንደር ሲደርስ ግን ወይ ኋላው ይጎድላል ወይ ታቹ ይተርፋል። ከዚያ ሞረድ ይነሣል፣ አንዳንዴም የሚሞረደው ብረቱ ይሆናል። ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም። እንጨት ሌላ ይተካል፣ የተሞረደ ብረት ግን አይመለስም።

ሥራው ሳይጀመር

ሽጉጡ በስምዎ ፈቃድ የወጣበት መሆኑን ያረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ልባሱ፣ ማለትም የእጀታውን ብረት ግራና ቀኝ የሚሸፍነው፣ እንጨት ብቻ ቢሆንም የሽጉጥ ዕቃ ተብሎ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ስለሚችል፣ ከውጭ ከማዘዝዎ በፊት ፈቃዱን የሰጠውን ክፍልና ጉምሩክን ይጠይቁ። የዝሆን ጥርስ እጀታ ግን አያስቡ፤ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል።

ሲሊንደሩን፣ ማለትም ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከፍተው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣት ይዳስሱ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ።

1. አሮጌውን ልባስ ማውጣት

የካቻቢቴው ጫፍ የብሎኑን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ይሁን፤ ቀጭን ከሆነ ይንሸራተትና እንጨቱን ይፍቃል። ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አያውጡት። ሦስት አራት ዙር ካላሉት በኋላ የብሎኑን ራስ በካቻቢቴው እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። ብሎኑ ከወዲያ በኩል ያለውን ልባስ ገፍቶ ያነሣዋል። ያ ከወጣ በኋላ ሌላውን ከውስጥ በጣት መግፋት ነው። በቢላ ጫፍ ከጎን የሚፈለቅቅ ሰው የእንጨቱን ስስ ጠርዝ ይሰብራል፤ አሮጌ የጎማ ልባስ ከሆነማ በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

በብዙዎቹ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች ላይ ከእጀታው ብረት ፊት ለፊት፣ ወደ ታች፣ ሌላ ትንሽ ብሎን አለች። ዋናውን ስፕሪንግ የምትወጥረው እሷ ናት። የልባሱ ብሎን መስላቸው የሚያላሏት አሉ፤ ከላላች መቺው ኃይል ያጣና ጥይቱ ይከሽፋል። አይንኳት።

የወጣውን የቀኝ ልባስ ገልብጠው ውስጡን በብርሃን ይመልከቱ። ፋብሪካው የሽጉጡን ቁጥር በእርሳስ ወይም በማኅተም እዚያ ላይ ያኖር ነበር። ከሽጉጡ ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ፣ እንጨቱ ቢሰነጠቅ እንኳ ጠቅልለው ያኑሩት እንጂ አይጣሉት፤ የሽጉጡን ዋጋ የሚያስጠብቅ ነውና።

2. ብረቱን መለየት

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞዴሉን ቁጥር ሲሊንደሩ ወደ ጎን ሲወጣ በሚታየው የብረት ገጽ ላይ ይመታ ነበር። ቁጥሩን ካገኙ የአካሉን ልክ ያገኛሉ፦ «ጄ» ትንሹ፣ «ኬ» መካከለኛው፣ «ኤል» ከሱ ከፍ ያለው፣ «ኤን» ትልቁ ነው። የ«ኬ» እና የ«ኤል» እጀታ ይለዋወጣል፤ የ«ኤን» ግን ለእነሱ አይሆንም።

ለዒላማ ተኳሽ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው። ሞዴል 14 እና ሞዴል 17 የተባሉት የዒላማ ሽጉጦች ከተራው የፖሊስ ሽጉጥ ከሞዴል 10 ጋር አንድ ዓይነት የ«ኬ» አካል አላቸው። ስለዚህ «የዒላማ እጀታ» ብቻ ብሎ መፈለግ ግድ አይደለም፤ በብዛት የተሠራው የሞዴል 10 ልባስም ልክ ይሆናል። የእጀታው ብረት ግርጌ ግን መመሳሰል አለበት። ግርጌው ጠፍጣፋና ባለ ማዕዘን ነው ወይስ ክብ? ሞዴል 10 በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል። ለባለ ማዕዘኑ የተሠራ ልባስ በክቡ ላይ ከኋላ ክፍተት ይተዋል።

ኮልት ከሆነ የኦፊሰርስ ሞዴል ማች፣ የድሮው ትሩፐርና የፓይተን ልባስ ይለዋወጣል። ዳይመንድባክ መልኩ ፓይተን ቢመስልም አካሉ ትንሽ ስለሆነ የሱ አይሆንም። የእንግሊዙ ዌብሊ ከሆነ ማርክ 6 ባለ ማዕዘን ግርጌ ሲሆን፣ ከሱ በፊት የነበሩት እንደ ወፍ ምንቃር የታጠፉ ናቸው።

3. ልክ መውሰድ

የሽጉጡን ጎን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝተው፣ በደንብ በተቀረጸ እርሳስ የእጀታውን ብረት ዙሪያ ይሳሉ። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ካዘነበለ ሥዕሉ በአንድ በኩል ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከዚያ በካሊፐር እነዚህን ለክተው ሥዕሉ ላይ በሚሊሜትር ይጻፉ፦ የብረቱን ውፍረት፤ የግርጌውን ስፋት ከፊት እስከ ኋላ፤ ከኋላ ትከሻው እስከ ግርጌው ያለውን ቁመት፤ ከግርጌው አጠገብ ያለችውን፣ ልባሱን ቦታው ላይ የምትይዘውን ዘንግ ውፍረትና ከሁለቱ ጠርዞች ያላትን ርቀት።

ለሻጭ ፎቶ ሲልኩ ማስመሪያ ከብረቱ ጎን አድርገው ያንሡ። ፎቶ ኮፒ አንዳንዴ ስለሚያሳንስ፣ ከኮፒው ላይ ቁመቱን እንደገና ለክተው ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ። ከሻጩ ደግሞ የልባሱን የውስጥ ገጽ ፎቶ ይጠይቁ። ያማረ ውጪ ስለ ልኩ ምንም አይናገርም፤ የዘንጓ ጉድጓድ የት እንደተቆፈረ የሚያሳየው ውስጡ ነው።

4. ካልተገኘ ማስጠረብ

ጎንደር ላይ ይኸኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ዋንዛ ለመጥረብ ቢመችም ለስላሳ ስለሆነ በብሎኑ ዙሪያ ይጎደጉዳል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሚሻለው ወይራ ነው፤ ከባድና ጠንካራ ነው፣ ስስ ጠርዙም ቶሎ አይረግፍም። ችግሩ ደረቅ ወይራ ማግኘት ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ ጥላ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። የቤት ሚዛን ካለ በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

አቋራጭ መንገድ አሮጌ የወይራ ዘነዘና ነው። ለዓመታት እቤት ውስጥ የደረቀ ስለሆነ ከእንግዲህ ብዙ አይንቀሳቀስም። 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ መካከለኛውን እምብርት ትተው ከግራና ከቀኙ 2 ሳንቲ ሜትር የሚወፍሩ ሁለት ሳንቃዎች ያወጡለታል። እምብርቱ ከገባበት ግን ሳይቆይ ይሰነጠቃል።

ጠራቢው መጀመሪያ የውስጡን ገጽ ጨርሶ ያስተካክል፤ ውጪው የሚቀረጸው ውስጡ ከገጠመ በኋላ ነው። አገጣጠሙ በጥላሸት ይታያል። ብረቱን በሚነድ ጧፍ ጢስ ላይ ስስ አድርገው ያጥቁሩት፣ እንጨቱን ቦታው ላይ አድርገው ጫን ይበሉና ያንሡት። እንጨቱ ላይ ጥቁር ነጥብ የተወበት ቦታ ከፍ ያለ ነው፤ ያንን ብቻ በሹል መሮ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ያንሡና ይድገሙት። አሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም ቢሆን አይቸኩሉ። ጥቁሩ በገጹ ሁሉ ተበታትኖ ሲታይ ገጥሟል። ስፕሪንጉ አጠገብ ስለሆነ ብረቱን ከጧፉ ላይ አያቆዩት፤ የሚፈለገው ጥላሸቱ እንጂ ሙቀቱ አይደለም።

የብሎን ነገር ብዙ ሰው ያስቸግራል። የአሜሪካና የእንግሊዝ ብሎን ጥርሱ በኢንች ልክ ስለሆነ ከሱቅ የሚገዛው ሜትሪክ ብሎን ለአሮጌው ዳዶ አይገባም፤ በግድ ከዞረ ጥርሱን ይበላዋል። ሆኖም የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የልባስ ብሎን ብረቱን አቋርጦ በወዲያኛው ልባስ ወደተቀበረው ዳዶ የሚገባ ስለሆነ፣ አዲስ ልባስ ላይ ብሎኑንም ዳዶውንም በአንድነት ሜትሪክ ማድረግ ይቻላል። ፑንታው ሲገባ ብሎኑ ከዋናው ስፕሪንግ ጋር እንዳይነካካ ይጠንቀቁ፤ ከተነካካ ምላጩ ይከብዳል።

ለማሳመሪያ ስስ የተልባ ዘይት ይቀቡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይጥረጉ፣ ሲደርቅ ይድገሙ። የምግብ ዘይት ተጣብቆ ይቀራል። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨምድደው አይተዉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ ጨርቁ ራሱን ያቃጥላል። ውኃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ውጪ ዘርግተው ያድርቁት።

5. መፈተሽ

በባዶ ቀለህ ይፈትሹ። ሲሊንደሩን አውጥተው ቀለሆቹን ሲገፉ የግራው ልባስ የላይኛው ጫፍ አንዱን ካገደ፣ ያገደውን ቦታ ብቻ ጎድጎድ አድርገው ይቀንሱ። ጥፍርዎን ከእንጨቱ ወደ ብረቱ ያንሸራቱ፤ ከኋላ በኩል ከያዘ ተኩሱ ሲመልስ እጅ ይልጣል። ትልቁ የዒላማ እጀታ ግርጌውን ስለሚሸፍን የሽጉጡ ቁጥር ይደበቃል፤ ለፈቃድ እድሳት ሲሄዱ ልባሱን አስቀድመው ይፍቱ።

ብሎኑን ሲያስሩ ልባሱ መነቃነቅ ሲያቆም ይብቃዎት። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት እንጨቱ ያብጣል፤ በበጋ ተጨንቆ የታሰረ ልባስ ያን ጊዜ በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ይሰነጠቃል። ሰኔ ሲገባ ሩብ ዙር ያላሉት፣ ኅዳር ላይ መልሰው ያጥብቁት።