ክሎሪን ካለበት ውሃ ለባክቴሪያ ምርመራ ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

በክሎሪን የታከመ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላም ክሎሪኑ ሥራውን አያቆምም። ናሙናው ላብራቶሪ እስኪደርስ ባሉት ሰዓታት ባክቴሪያውን እየገደለ ይሄዳል። ውጤቱ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ይመጣል፤ ሰዉ የሚጠጣው ውሃ ግን ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውጤት ጨርሶ ካለመመርመር ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰው ያምነዋል። ስለዚህ ናሙናው ገና ሲቀዳ ክሎሪኑን ማምከን ያስፈልጋል። ለዚህ የሚውለው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው።

1. 3 ግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ አሟሙተው 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። 120 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ 0.1 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ይህ መጠን በሊትር እስከ 5 ሚሊ ግራም የሚደርስ ክሎሪን ያመክናል። ቧንቧ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው ቀሪ ክሎሪን (ውሃው ውስጥ የተረፈው) በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ ከበቂ በላይ ነው።

2. የጠርሙሱን ክዳን አላልተው በፎይል ሸፍነው፣ ጠርሙሱን በኦቶክሌቭ (በግፊት ባለ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ዕቃ) በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ከጀርም ነጻ ያድርጉት፤ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ያጥብቁት።

3. ቧንቧው ላይ ጎማ ወይም ማጣሪያ ካለ ይፍቱ። አፉን በእሳት ወይም በአልኮል አጽድተው ውሃውን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያፍስሱ። ቀሪ ክሎሪኑን በዲፒዲ (ክሎሪን ሲያገኝ ውሃውን ሮዝ በሚያደርግ መለኪያ ኬሚካል) እዚያው ለክተው ይጻፉ፤ ለዚህ ግን በሌላ ዕቃ ይቅዱ። ታዮሰልፌት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ የሚለካ ክሎሪን አይተርፍም።

4. ጠርሙሱን አያለቅልቁ! ንጽሕና የለመደ እጅ ሁሉ ማለቅለቅ ያምረዋል፤ ነገር ግን ታዮሰልፌቱ አብሮ ታጥቦ ይሄዳል። ሞልቶ እንዲፈስም አያድርጉ። የጠርሙሱን አፍና የክዳኑን ውስጥ ሳይነኩ ቀድተው፣ ከላይ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። ከድነው ደጋግመው ያገላብጡ።

5. ስም፣ ቦታና ሰዓት ጽፈው በረዶ ባለበት ሳጥን ይላኩት። ምርመራው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀመር።

አዲስ የተቆፈረ ወይም የተጠገነ ጉድጓድ በከባድ ክሎሪን ከታጠበ ነገሩ ይለያል። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን የገባበትን ውሃ ያቺ 0.1 ሚሊ ሊትር አትችለውም። ታዮሰልፌት ከማብዛት ይልቅ ክሎሪኑ እስኪወጣ ውሃውን አፍስሶ፣ በዲፒዲ አረጋግጦ መቅዳት ይሻላል።

ለብረታ ብረትና ለሌሎች ኬሚካሎች ምርመራ ይህን ጠርሙስ አይጠቀሙ፤ ላብራቶሪው ለየምርመራው የሚያዘጋጀውን ጠይቀው ይውሰዱ።