የማትሞት ጠንቋይ ስትጽፉ ከርስቷ ጀምሩ

ለ300 ዓመት የምትኖር ጠንቋይ ልትጽፉ ካሰባችሁ ጦርነቱንና ነገሥታቱን ለጊዜው ተዉአቸው። መጀመሪያ እነዚህን መልሱ፦ ሴትዮዋ በምን ትተዳደራለች? አለማርጀቷንስ ጎረቤት እንዴት አይነቃባትም?

የእኔዋ በ1700 ዓ.ም. ገደማ መንዝ ተወለደች። እዚያ ያኖራት ርስቷ ነው። ርስት በእናትም በአባትም ዘር ተቆጥሮ ይገኝ ነበር፤ ሴትም ትወርስ ነበር። ሰው ዕድሜዋን ማስላት ሲጀምር «ጸበል ልሄድ» ብላ ትጠፋለች። የሚያውቋት ሲያልቁ የራሷ የልጅ ልጅ ሆና ተመልሳ ዳኛ ፊት ትቆማለች። ዘርሽን ቁጠሪ ስትባል ማን ይችላታል? የምትጠራቸውን ሁሉ በዓይኗ አይታቸዋለች። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባል የለ!

ይህን ሙግት ረዘም አድርጋችሁ ጻፉት። ተሟጋቿ የወንድሟ የልጅ ልጅ ይሁን። እሱ አሁን ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ነው፤ እሷ ግን ሕፃን ሳለ አዝላዋለች። መሬቱን ስትረታው ምን ይሰማታል? እኔ አስማቷን ከምጽፍ ይህን ብጽፍ እመርጣለሁ።

ስሟን በየዘመኑ ቀይሩላት፣ የክርስትና ስሟን ግን አትንኩ። ክታብ የሚጻፍላት በዚያ ስም ነው፤ ክፉ የሚያስብባትም የሚፈልገው ያንኑ ነው። ስለዚህ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይኑር። ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ወስኑ።

ዕቃዎችን ተጠንቀቁ። ልጅነቷን ስትጽፉ ከጎጆዋ ጀርባ ባሕር ዛፍ አትትከሉ፤ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ድንችም ገና ነው። ገበያ ስትወጣ በአሞሌ ጨው ትግዛ፣ በኋላ ማርትሬዛ ብር ይምጣላት። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ብሩ ሲመታ የኖረው በፈረንጆች 1780 የሚለው ያው ዓመት እየተጻፈበት ነው። ዓመቱ የማይለወጥ ብር ለማታረጅ ሴት! እባካችሁ ይህን ሳትጠቀሙበት አትለፉት።

የርስቱ ብልሃት የሚያበቃበት ቀን የታወቀ ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ከዚያ ወዴት ትሂድ? እኔ ወደ ከተማዬ ወደ አዳማ አመጣኋት፣ ያኔ ናዝሬት ወደምትባለው። ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። ሰው ከየአገሩ መጥቶ የሰፈረባት ስለሆነ የአያትሽ አያት ማን ነበሩ ብሎ የሚያፋጥጣት የለም። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይና ዳቦ እየሸጠች በቀበሌ ቤት ትኖራለች። መታወቂያ ላይ የፈለገችውን ዕድሜ ታስሞላለች።

አሁን ደግሞ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ መጣ። የጣት አሻራ ይወስዳል፣ የዓይን ምስል ያነሳል። ከ30 ዓመት በኋላ የልጅ ልጇ ነኝ ብትል አሻራዋ ያው ነው። የመጨረሻውን ክፍል እዚያ ወረፋ ላይ ጀምሩት፤ ከፊቷ ሦስት ሰው ቀርቷል።